አልነሳ ያለችው መኪናና አልታይ ያለው ቁጥር

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የአንዲት መኪና ወሬ ላወራችሁ ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ጡረተኛ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱ አንዲት የጣሊያን ሥሪት አሮጌ መኪና ትተውላቸዋል። እትዬ ትርንጎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች መኪና ሲሄዱ ከሹፌሩ ጎን እንጂ ከመሪው ኋላ ተቀምጠው አያውቁም። በስልሳ አንድ ዓመታቸው ግን መንጃ ፈቃድ አወጡ። ምኞታቸው ትንሽ ናት፤ ከከተማዋ በላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ራሳቸው ነድተው መውጣት።

ቁልፉን አስገብተው ቢያዞሩ መኪናዋ አልነሳ አለች።

ታናሽ ወንድማቸው አስናቀ ይህን አይቶ፣ «ተዪው እህትዓለም፣ ቅዳሜ ቁራሌ ጠርቼ ብረቷን አስወስድልሻለሁ» አላቸው። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

«ቆይ እንጂ! የማትነሳው ለምንድን ነው?» አሉ እትዬ ትርንጎ። አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ሳያውቁ መተው አይሆንላቸውም። መካኒኩን ተካልኝን ጠሩት።

ተካልኝ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። «ካርቡራተሩ ነው እትዬ። ቤንዚንና አየር የሚደባለቁት እዚህ ውስጥ ነው። ተደፍኗል።»

«ታዲያ ፍታዋ!»

«ዓይነቱን ሳላውቅ አልፈታም። መልካቸው አንድ፣ ልካቸው ግን የተለያየ ነው። ያለ ልኩ ብገጥመው ቤንዚን ያፈስና እሳት ይነሳል። ጎኑ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ እሱን ያሳዩኝ።»

መካኒኩ ቁጥሩን ካላየሁ አልፈታም አለ፤ ካርቡራተሩ ካልተፈታሁ አልሠራ አለ፤ መኪናዋም አልነሳ አለች።

ቁጥሩን ቢፈልጉት የት አለ? ሟች ባለቤታቸው ነገር ሲያብለጨልጭ ደስ ይላቸው ስለነበር፣ ካርቡራተሩን ሳይቀር በብርማ ቀለም ደጋግመው ቀብተውታል። «በስለት ልፋቀው?» ቢሉ፣ «ቁጥሩም አብሮ ይፋቃል» አላቸው ተካልኝ። ሳይፈታው እንዳለ ከሞተሩ ላይ አውልቆ በጋዜጣ ጠቀለለና ሰጣቸው። እሳቸውም እንደ ሕፃን ታቅፈውት የደቻቱን ድልድይ ተሻግረው፣ መኪና ቀቢዋ ዘሃራ ጋ ሄዱ።

«ቀለም ማስለቀቂያማ ነበረኝ» አለች ዘሃራ። «ግን መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ሙክታር ጋ ነው።»

«ባልሽ አይደለም እንዴ? ጠይቂው እንጂ!»

«እሱ ካላናገረኝ አላናግረውም። ይኸው ሳምንታችን!»

ዘሃራ አላናግረውም አለች፤ መጋዘኑ አልከፈት አለ፤ ቁጥሩ ከቀለሙ ሥር አልታይ አለ፤ መካኒኩ ካላየሁ አልፈታም አለ፤ ካርቡራተሩ ካልተፈታሁ አልሠራ አለ፤ መኪናዋም አልነሳ አለች።

ሙክታር ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ነው። እትዬ ትርንጎ ካርቡራተራቸውን እንደታቀፉ ተሻገሩ።

«ቁልፉማ ይኸው ኪሴ ውስጥ» አለ ሙክታር። «እሷ መጥታ ካልጠየቀችኝ ግን አልሰጥም፣ አቦ!»

ሙክታር ቁልፉን አልሰጥም አለ፤ ዘሃራ አላናግረውም አለች፤ መጋዘኑ አልከፈት አለ፤ ቁጥሩ አልታይ አለ፤ መካኒኩ ካላየሁ አልፈታም አለ፤ ካርቡራተሩ ካልተፈታሁ አልሠራ አለ፤ መኪናዋም አልነሳ አለች። ቅዳሜ ደግሞ እየመጣ ነው!

ሌላ ሰው ቢሆን ይለምን ነበር። እትዬ ትርንጎ ግን ጠየቁ። «ለመሆኑ በምን ተጣላችሁ?»

«በበር።»

«በበር?»

«የሱቄን በር ቀባችልኝ። እኔ ሰማያዊ ነው አልኩ፣ እሷ አረንጓዴ ነው አለች። ዓይንህ ጠፍቷል አለችኝ። የሰዓት ሠሪ ዓይን!»

«አንተ በሩን የምታየው መቼ ነው?»

ሙክታር አሰበ። «ጠዋት ስከፍት ገና ጨለምለም ይላል። ማታ ደግሞ በአምፖል ነው የምዘጋው።»

«ቀን በፀሐይስ?»

«ቀንማ ተከፍቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚውለው።»

እትዬ ትርንጎ እጁን ይዘው አወጡት። በጠራራ ፀሐይ በሩን ገጥመው ዘጉትና ፊት ለፊቱ አቆሙት። ሙክታር አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ።

«አረንጓዴ ነው» አለ በለሆሳስ።

«ማዶ አይሰማም» አሉት።

«ዘሃራ! አረንጓዴ ነው!»

«ምን አልክ?» አለች ዘሃራ ከማዶ፤ ሰምታለች።

«አረንጓዴ ነው አልኩ!»

ዘሃራ ብሩሿን አስቀመጠች። «ምሳ በልተሃል?»

ያን ጊዜ ሙክታር ቁልፉን ሰጠ፤ መጋዘኑ ተከፈተ፤ ቀለሙ ለቀቀ፤ ቁጥሩ ታየ፤ መካኒኩም አሮጌ ደብተሩን ገልጦ፣ «አወቅኩት!» ብሎ መፍታት ጀመረ።

እትዬ ትርንጎ ከአጠገቡ አልተነሱም። «ይቺ ጎድጓዳ ነሐስ ምን ታደርጋለች?» ይላሉ። «ቤንዚኑ ላይ ትንሳፈፋለች፤ ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን ትዘጋለች» ይላቸዋል። «ይቺስ?» ይላሉ። ከመርፌ ቀዳዳ የማትሰፋ ቀዳዳ ያላት ብሎን ናት፤ የደረቀ ቤንዚን ደፍኗታል። ራሳቸው በቤንዚን አጠቧት፣ እፍ አሉባት፣ ወደ ሰማይ ይዘው በአንድ ዓይናቸው ቢያዩ የብርሃን ነጥብ ታየቻቸው።

«በዚች ነው ያን ሁሉ ዳገት የወጣነው?» አሉ። ቤንዚን እንዳያፈስ መገጣጠሚያው ላይ የሚገባውን አዲስ ማሸጊያ ከወፍራም ወረቀት በልኩ የቆረጡትም እሳቸው ናቸው።

ካርቡራተሩ ሠራ፤ መኪናዋም ተነሳች።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ትርንጎ ከመሪው ኋላ፣ አስናቀ ከጎናቸው ሆነው ወጡ። አስናቀ በየጠመዝማዛው የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይይዛል። ደንገጎ አናት ላይ ሲደርሱ ወረደና፣ «እህትዓለም፣ ነይ እንጂ! ከተማዋ በሙሉ ትታያለች!» ብሎ ተጣራ።

እትዬ ትርንጎ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፍተው፣ ጆሯቸውን ወደ ካርቡራተሩ አዘንብለዋል።

«እስቲ ዝም በል» አሉት። «ሲተነፍስ ልስማው።»

እኔም ዝም ልበል፤ እሳቸው ገና አልጠገቡም።