የሊፍቱ ቅምሻ

«ኢንጂነር» ካልተባለ ዞር ብሎ የማያይ፣ መንበሩ የሚባል የሶፍትዌር ድርጅት ኃላፊ ነበር። የሕንፃቸው ሊፍት የሚታዘዘው በአሮጌ ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ ፕሮግራምን ወደዚያ ፕሮሰሰር ቋንቋ የሚተረጉም ኮምፓይለር አሠራ። የተተረጎመው ፕሮግራም ሊፍቱ ላይ ተጭኖ፣ የምርቃቱም እንግዶች ወደ ሕንፃው ገብተው ሳለ፣ የድርጅቱን ፕሮግራሞች የምትፈትሸው ሠራተኛ ወደ ኃላፊው መጣች።

«ኢንጂነር፣ ኮምፓይለሩ በአሮጌው ፕሮሰሰር ላይ ፈተናውን ወድቋል። ‹ቁም› የሚለውን ‹ውረድ› ብሎ ነው የሚተረጉመው።»

«በእኔ አዲስ ላፕቶፕ አንድ እንከን አልወጣለትም!» ብሎ ጮኸባት። «ጥፋቱ የአሮጌው ዕቃ ነው። አሁኑኑ እንግዶቹ ፊት ‹ፈተናውን አልፏል› በይ፤ አለዚያ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ!»

ፈታሿ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«ክቡራን፣ ኢንጂነር አልፏል ብለዋል። ባገራችን ግን አሳላፊ ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይቀዳም። እንግዲህ ኢንጂነር እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ይቅመሱልን!» አለችና የሊፍቱን በር ከፈተችለት።

መንበሩ ክራቫቱን አላላ።

«እኔ እንኳ... ሐኪሜ በደረጃ ውጣ ብሎኛል።»

«አሃ! ኮምፓይለሩን ሐኪምዎም ፈትሸውታላ!»