ጋቢ አልብሰው የሸኟቸው መርማሪ

አንድ የገበሬዎች ማኅበር ነበር። አባላቱ ለክረምት የሚዘሩትን እህል በአንድ መጋዘን ያስቀምጣሉ፤ መጋዘኑን የሚያስተዳድረው ጌጡ የሚባል ሹም ነው። ዘሩ ደህና መሆኑን በየዓመቱ መርምረው ለአባላቱ የሚመሰክሩት ግን አያ መንበሩ የሚባሉ ከማኅበሩ ውጭ የሆኑ ሰው ነበሩ።

አያ መንበሩ ከላይ ዘግነው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። በብረት መውጊያቸው ከሥር ያለውን ጆንያ ይወጋሉ። አንድ ዓመት ከሥር የወጣው እህል ሻግቶ ነቀዝ ይርመሰመስበት ነበር። ጌጡ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳያስጠግን ከርሟል።

«ይህ ዘር አይሆንም። ለአባላቱ እናገራለሁ» አሉት።

«ኧረ አያ መንበሩ! ሰው ይደነግጣል። የላዩ ደህና ነው ይበሉና እንለፈው።»

«ገበሬው የሚዘራው የላዩን ብቻ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹበት።

በሳምንቱ ጌጡ አባላቱን ሰበሰበ። «አያ መንበሩ ደክመዋል፤ አሁንስ ይረፉ» ብሎ ጋቢ አለበሳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አባላቱ አጨበጨቡ። ለምን ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ሽማግሌውም የሻገተውን ዘር ሳያነሱ ጋቢውን ለብሰው ወጡ።

በመርማሪዎች ዘንድ የቆየ ወግ አለ። ተተኪው ሥራ ሳይጀምር ከቀድሞው ቤት ሄዶ «ለምን ለቀቁ?» ብሎ ይጠይቃል። አያ መንበሩ ያንን ጥያቄ ጠበቁ። አዲሱ ሰውዬ ግን ሰላም እንኳ ሳይላቸው በደጃቸው አለፈ። የላዩን ጆንያ ዳበሰና «ደህና ነው» ብሎ መሰከረ።

ዝናቡ መጣ፣ ተዘራ። ማሳው ግን ባዶውን ቀረ። ባሏ የሞተባት የስድስት ልጆች እናት ብርነሽ ወደ አያ መንበሩ ደጅ መጥታ ጮኸች።

«ጌጡስ አንዴ ዋሽቷል! እርስዎ ግን እያወቁ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» ሊሉ አሰቡና አፈሩ። ጋቢውን ከትከሻቸው አውልቀው ጣሉት።

«ይህን ለብሼ ዝም አልኩ፣ ልጄ» አሉ።

ድርጅት የውጭ ኦዲተሩን በብዙ ምክንያት ይቀይራል፤ መቀየሩ ነውር አይደለም። ነውሩ እውነት የተናገረውን አባርሮ በምስጋና መሸፈን ነው። እንግዲህ አዲሱ ማን እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት አሮጌው ምን አይቶ እንደወጣ ጠይቁ። መርማሪ የሆንክ ደግሞ እስክትጠየቅ አትጠብቅ።

ለመሆኑ እናንተ ባለፈው ስብሰባ ያጨበጨባችሁት ለምን ነበር?