የደኅናው እግር ጠጠር

አንድ ፈረሰኛ ነበረ፤ ብዬ ጀመርኩላት።

ልጄ አንጓች ሯጭ ናት። ከክለቧ ካምፕ የአንድ ቀን ፈቃድ ተሰጥቷት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት መጣች። ቀኝ ቅልጥሟን ካመማት ሰንብቷል። ጧት ስትነሣ ይወጋታል፤ ሮጣ ሰውነቷ ሲሞቅ ይተዋታል፤ ማታ ደግሞ ብሶ ይመለሳል። የክለቡ ወጌሻ አንድ ቀን አጥንቷን በጣቱ ጫን አድርጎ ቢጠይቃት «ምንም አያመኝም» አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ለአገር አቀፉ ውድድር የሚሄዱት ልጆች ይመረጣሉ። ቀዝቃዛ ውኃ በሳፋ አቅርቤላት እግሯን ነክራ ተቀምጣ ሳለ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ሰው ሕመሙን ቢደብቅ ኃጢአት ነው?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

«የማንንም አልወሰድኩ፤ የሚያመው እኔን ነው። ብናገር አሰልጣኙ ከምርጫው ያወጣኛል። የካምፑን አልጋዬንም ለሌላ ልጅ ይሰጡታል። ዝም ብል ማንን በደልኩ?»

«የኃጢአቱን ነገር የንስሐ አባታችን ይንገሩሽ፤ እኔ እሱን አልደፍርም። ማንን በደልኩ ላልሽው ግን አንድ ነገር ላውራሽ።»

«ረጅም ነው?»

«ውኃው ሳይሞቅ ያልቃል።»

እንግዲህ አንድ ፈረሰኛ ነበረ። ዳማ ፈረስ ነበረው። አገሩ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው፤ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ስለ ፈረሱ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ የሚጠያየቅበት። በጥር ወር፣ በጊዮርጊስ በዓል፣ ከየአጥቢያው ያሉ ፈረሰኞች ሰፊ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ጉግስ ይጫወታሉ። አንዱ ዘንግ ይዞ ያባርራል፤ ሌላው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ እየመከተ ይሸሻል። ዳማው በዚያ ሜዳ ላይ ስም ነበረው። ሲዞር እንደ ነፋስ ነው ይሉት ነበር።

ያ አገር አንድ ልማድ ነበረው። ፈረስ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ገላጣ ዐለት ላይ ይነዳል። የፈረሰኞቹ ሽማግሌ ከዐለቱ ጥግ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ኮቴውን ያዳምጣሉ። የደኅና ፈረስ ኮቴዎች ግራና ቀኛቸው እኩል ይጮኻሉ። የታመመ ፈረስ ግን ሦስቱ ይጮኹና አንዱ ይሰርቃል፤ መሬቱን ፈርቶ ቀስ ብሎ ስለሚረግጥ ድምፁ ያንሳል። ዓይን ይታለላል፣ ጆሮ ግን አይታለልም ብለው ነው። አንድ ኮቴ ከሰረቀ ያ ፈረስ ሜዳ አይገባም። በጉግስ ላይ አንድ ፈረስ ቢወድቅ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለምና።

ፈረሱ የተከለከለበት ሰውም ወደ ቤቱ አይሄድም። የዚያን ቀን ከሜዳው ዳር ቆሞ ለሌሎቹ ዘንግ ያቀብላል። ሽማግሌዎቹ ይህን ያደረጉት ሰውየው ከበዓሉ እንዳይለይ ብለው ነበር። ጎልማሶቹ ግን መሳቂያ አደረጉት። መቼም ሰው ደግ ነገር ማበላሸት ያውቅበታል።

ታዲያ በኅዳር ወር ዳማው ሲጋልብ የፊት ቀኝ እግሩ የፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አልተሰበረም። ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ እብጠት ያዘ። ሰውየው የፈረስ ነገር ያውቃል፤ ማንም አልነገረውም፣ ማንንም አልጠየቀም። እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ካረፈ እንደሚድን በልቡ ያውቅ ነበር። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከጥር ብዙ አይርቅም። የሚቀርበት አንድ በዓል ነበር።

ሚስቱ እብጠቱን አየች።

«ዘንድሮ ዘንግ ብታቀብልስ?» አለችው።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«‹ፈረሱ ታሞበት ነው› ይልሃል።»

«እኮ!»

«ታሞብህ ነዋ!»

ተቆጥቶ ወጣ። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ደግሞ አንድ ጎረቤቱን አገኘው፤ ያም ፈረሰኛ ነው፣ ቀልድ ይወዳል።

«አያ ባለ ዳማ!» አለው በሰው መሐል። «ፈረስህ ከሜዳ ጠፋብን። ለዘንድሮ ዘንግ አቀባይ አገኘን እንዴ? እንግዲህ ለእኔ ቀጥ ቀጥ ያለውን ምረጥልኝ!»

ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«እማ» አለች አንጓች፤ «ይሄ እኔን ለመንካት ነው።»

«ስለ ፈረስ ነው የማወራው። እግርሽን ከውኃው አታውጪ።»

የበዓሉ ዕለት ጧት ሰውየው ሰው ሳይነሣ ዳማውን ብቻውን ወደ ዐለቱ ወስዶ ነዳው። አዳመጠ። ሦስቱ ጮኹ፤ የፊት ቀኙ ሰረቀ። ደግሞ ነዳው፤ ደግሞ ሰረቀ። ፈረሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፦ የሚያመውን አለመርገጥ። ባለቤቱ ምን እንደሚፈልግ ከየት ይወቅ?

ያን ጊዜ ሰውየው ጎንበስ አለ። የታመመውን ቀኝ እግር አልነካም። ደኅናውን፣ የፊት ግራውን አነሣ፤ ከዐለቱ ሥር አንድ ሹል ጠጠር መረጠና በሰኮናው ሥር ባለው ስርጉድ ውስጥ አጥብቆ ሸጎጠበት። ከዚያ እንደገና ነዳው።

ኮቴው እኩል ሆነ።

ቀኙ እያመመው ይሰርቃል፤ ግራውም አሁን እያመመው ይሰርቃል። የሚያነክስበት ወገን ጠፋ። ሰውየው ደስ አለው። ዐለቱን እስካልፍ ነው አለ በልቡ፤ ካለፍኩ በኋላ ወርጄ አወጣለታለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ፈረሶቹ ተራ በተራ ተነዱ። የዳማው ተራ ደረሰ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኩል ነው» አሉ። «ደግሞ እንዴት በለስላሳው ይረግጣል! ጨዋ ፈረስ። ይግባ።»

ሰውየው አለፈ። አሁን እወርዳለሁ ሲል እልልታው ቀለጠ፤ ሰልፉ ተያያዘ፤ ከፊትም ከኋላም ፈረስ ሆነ። ያ ጎረቤቱ ከጎኑ ደርሶ «አያ ባለ ዳማ፣ ተሳስቼ ኖሯል፤ ማረኝ!» ይለዋል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከኮርቻ ወርዶ፣ ደኅና ነው የተባለውን እግር አንሥቶ፣ ጠጠር ሊያወጣ? ምን ብሎ? የደበቀ ሰው ጭንቁ ይሄ ነው። ለመደበቂያው ጊዜ ያገኛል፤ ለመግለጫው ግን አያገኝም።

ስለዚህ ጋለበ።

በመጀመሪያው ግልቢያ ዳማው ሮጠ። ፈረስ ደግ ነው፤ ደሙ ሲሞቅ ሕመሙን ይረሳል። በሁለተኛው ጎረቤቱ ዘንግ ይዞ ከኋላው መጣበት፤ ሰውየው ጋሻውን ወደ ኋላ አዞረና ልጓሙን ወደ ግራ ሳበ። ፈረሱ ሲዞር ክብደቱን ሁሉ በአንድ እግሩ ላይ ይጥላል። ቀድሞ ቀኙ ሲያመው ግራውን ያምን ነበር፤ አሁን የሚያምነው እግር አልነበረውም። በጉልበቱ ተንበረከከ። ሰውየው በፈረሱ ራስ ላይ አልፎ ወደቀ፤ ትከሻው ወለቀ። ከኋላ የመጣው ጎረቤቱ ልጓሙን እስኪበጠስ ስቦ ለጥቂት ሳይረግጠው አለፈ።

ሰው ተሰበሰበ። ዳማው እየተንቀጠቀጠ ተነሣ። የትኛውን እግር እንደሚያነሣ ጨነቀው፤ ቀኙን ያነሣል፤ ግራው ሲያመው ቀኙን መልሶ ይጥላል፤ ቀኙ ሲያመው ደግሞ ግራውን ያነሣል። ጎረቤቱ ወርዶ ግራ እግሩን ያዘና አየው። ጠጠሩ እስከ ለምለሙ ሥጋ ዘልቋል። ደም የነካውን ጠጠር በመዳፉ አድርጎ ወደ ባለቤቱ መጣ። ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፋ።

«በጨዋታ የተናገርኩትን ነው ለዚህ ያደረስከው?» አለው።

ሽማግሌውም እየተመረኮዙ ደረሱ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ታሞ የነበረው የትኛው እግሩ ነው?» አሉት።

«ቀኙ» አለ መሬት ላይ እንዳለ።

«ታዲያ ግራውን ማን አሳመመው?»

ሰውየው በጎረቤቱ መዳፍ ላይ ያለውን ጠጠር አየ። 

የሰውየው ትከሻ በወጌሻ ተመለሰ። የዳማው ቀኝ እግርም እሱ በልቡ እንዳሰበው ዐቢይ ጾም ሲገባ እብጠቱ ጎደለ፤ ዳነም። ግራው ግን አመረቀዘ፤ ሰኮናው ተሰነጠቀ። ትንሣኤ መጣ፤ ክረምት መጣ፤ አልዳነም። ሰውየው ፈረሱን አልሸጠውም፤ ማን ይገዛዋል? ከደጁ ሣር እያጨደ ያበላው ነበር። ሰው «እግሩን ምን አገኘው?» ብሎ ሲጠይቀው «የፍልፈል ጉድጓድ» ማለት ይፈልግና አንደበቱ ይታሰር ነበር፤ ፍልፈሉ ያሳመመው እግር ድኖ ነበርና።

ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ። አንጓች እግሯን በውኃው ውስጥ ታንቀሳቅሳለች።

«እኔ ጠጠር አልሸጎጥኩም» አለች።

ፎጣውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አልሸጎጥሽም» አልኳት። «ስሚኝ፤ አልተቆጣሁሽም። ያ ሰውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈረሱን ይወድ ነበር። አንቺም እግርሽን ትወጃለሽ፤ እንጀራሽም ደስታሽም እሱ ነው። ግን ፈረሰኛውም አንቺ ነሽ፣ ፈረሱም አንቺ ነሽ። ማንን በደልኩ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፦ የተደበቀ ሕመም ባለበት ቦታ አይቀመጥም። አሰልጣኙ እንዳያይብሽ እኩል ለመሮጥ ስትይ ሸክሙን ሁሉ በደኅናው ላይ ትጥያለሽ። የምትበድዪው እሱን ነው፤ ምንም ያላደረገሽን እግር።»

«ደኅና ነው እሱ።»

«ቅድም ስትመጪ ከበሩ ላይ አይቼሻለሁ። ደረጃውን ስትወጪ እጅሽ የያዘው ጉልበትሽን ነው፤ የግራውን። ያመኛል ያልሽኝ ግን የቀኝ ቅልጥምሽን ነበር።»

አንገቷን ደፋች። እንባዋ ሳፋው ውስጥ ጠብ አለ። አቅፌያት ትንሽ ቆየሁና የቀረውን ነገርኳት።

«አሰልጣኙ ከምርጫው አያወጣሽም ብዬ አልምልልሽም፤ ያወጣሽ ይሆናል። አልጋሽንም ለሌላ ይሰጡት ይሆናል፤ ያቺም የሰው ልጅ ናት፣ ትተኛበት። አንቺ እዚህ አልጋ አለሽ። ያ ፈረስ አፍ የለውም፤ ጌታው ዝም ሲል አብሮ ዝም ከማለት በቀር ምን ያድርግ? ለአንቺ ግን እግዚአብሔር እግርም አፍም ሰጥቶሻል። ከሰልፉ መሐል ከገባሽ በኋላ ደግሞ መውረጃ አታገኚም። እግርሽን አድርቂና ዛሬውኑ ሂጂ፤ ወጌሻውንም አሰልጣኙንም አንድ ላይ አግኚያቸው። ግራው እንደ ቀኙ ሳይብስብሽ፣ የምትነግሪያቸው ስለ አንድ እግር ብቻ ሆኖ ሳለ ንገሪያቸው።»