ጡሩምባው ለማን ተነፋ?

የብሔራዊ ቡድናችን አሰልጣኝ ደምመላሽ አጥቂ አይወድም ነበር። «አጥቂ ወደ ፊት ሲሄድ ኋላችን ይሳሳል» እያለ ጎል አግቢዎቹን ሁሉ ቤታቸው ትቶ፣ አሥር ተከላካይና አንድ በረኛ ጎሉ ደጃፍ ላይ ገተረ። እንደዚያም ሆኖ ሦስተኛው ጎል ሲገባብን፣ አንድ የእድር ጡሩምባ ነፊ ከተመልካቹ መሃል ተነሥቶ የለቅሶ ጡሩምባውን አንባረቀው። የስታዲየሙ ሰው ደንግጦ ብድግ አለ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

አሰልጣኙ በንዴት ጦፎ ሰውየውን በእድሩ ዳኛ ፊት አቆመው። በእድሩ ደንብ፣ ሰው ሳይሞት ጡሩምባ የነፋ ከሥራው ይባረራል።

«ማን ሞቶ ነው የነፋኸው? ስሙን ጥራ!» ሲል ዳኛው አፋጠጠው።

«ስሙንማ እኔም አላወቅሁት ጌታው» አለ ጡሩምባ ነፊው። «ግን አሥራ አንድ ጎረምሳ አንድ ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ ማንም ንቅንቅ ሳይል ያን ሁሉ ሰዓት ሲቆም ባይ፣ ሬሳ እስኪወጣ የሚጠብቅ መሰለኝ። ኳሷ እንኳ ሦስት ጊዜ ገብታ ‹እግዜር ያጽናችሁ› ብላ ወጣች።»