የምንጮቹ ዐለትና የአህያ ሸክም

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ድርቅ ገብቶ ምንጮች በየተራ መንጠፍ ጀመሩ። በአንበሳ ደጃፍ ያገሩ ምንጮች ሁሉ የተሣሉበት ሰፊ ዐለት ነበር። ዝሆን አገሩን እየዞረ ውኃ ያለውን ምንጭ ዐለቱ ላይ በቀይ አፈር ይቀባል፤ የደረቀውን ይፍቃል።

እመት አህያ ውኃ አጥታ ወተቷ ነጠፈ። ውርንጭላዋም መቆም አቃተው። አንበሳ አዘነላትና፣ «አያ ጅቦ፣ ወደ ምሥራቁ ሸለቆ ወስደህ ውኃ አሳያት። ጥርስህ ግን እንዳይነካት!» ብሎ አዘዘ።

አያ ጅቦ ሁሉንም ካልያዘ አይጠግብም። የዐለቱን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር በእርጥብ ሸክላ ላይ እየሣለ ይገለብጥ ጀመር።

ቀበሮ ይህን አይታ ሳቀች። «አያ ጅቦ፣ የምትሄዱት ወደ ምሥራቅ አይደለም እንዴ? የምሥራቁን ጥግ ብቻ አይታችሁ አትሄዱም?»

«ሁሉም በእጄ ካልገባ ምኑን ያዝኩት?» አለና ሸክላው እስኪደርቅ ጠብቆ አህያ ላይ ቆለለው። አህያም ውርንጭላዋን በዐለቱ ጥላ ሥር ትታ ተከተለችው።

ፀሐይዋ ስትበረታ አህያ ከሸክሙ ክብደት የተነሣ ወደ ኋላ ትቀር ጀመር። ጅቦ ክምሩን ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ ቀይ ምልክት አገኘና እየነዳ አደረሳት። ምንጩ አቧራ ብቻ ነበር።

«ሸክላው ውኃ አለ ይላል!» ብሎ ጮኸ፤ ሸክላውንም ላሰው።

«ሸክላው የሚያውቀው አንተ ስትገለብጥ የነበረውን ነው» አለች አህያ። ልጇ በዓይኗ ላይ ሄደባት። ጀርባዋን አራግፋ ሸክሙን ጣለችና ወደ ዐለቱ ሮጠች።

እውነትም ዝሆን ያንን ምንጭ ፍቆ፣ ወረድ ብሎ ሌላ ቀብቷል። ቀበሮ ቦታውን አሳየቻትና፣ «ዓይንሽን እዚህ ላይ ብቻ አሳርፊ፤ የምትሸከሚው ነገር የለም» አለቻት።

አህያ ልጇን እየደገፈች ወርዳ ውኃውን አገኘች። ውርንጭላው እስኪጠግብ ጠጣ። ከድንጋይ ሥር ሌላ ምንጭ ሲፈልቅ ብታይ ደግሞ ወደ ዐለቱ ተመለሰች።

«እኔስ ልቀባው?»

«ቅቢው፤ ግን ተጠንቀቂ» አለች ቀበሮ። «ዐለቱ አንድ ነው። እዚህ ጥግ የነካሽውን አገር ሁሉ ያየዋል።»

አህያ ትንፋሿን ይዛ ቀባችውና ወደ ልጇ ተመለሰች። ሳይመሽ ሚዳቋዎችና ድኩላዎች ምልክቱን አይተው ወደ ሸለቆው ወረዱ፤ እናትና ልጅም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

ከዚህ የምንማረው ከትልቅ ነገር ጥቂቱን የሚፈልግ ሁሉንም ገልብጦ ከሚሸከም ይልቅ የሚፈልገውን ባለበት ቦታ ማየት፣ ሲነካውም የጋራ መሆኑን አስቦ መጠንቀቅ እንዳለበት ነው።