የዋንዛ በር ጨፋሪ ፊደላት

ዋንዛ በር የገባ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የሚጨፍሩ ፊደላትን ነው። በየሱቁ ግንባር፣ በጭነት መኪናው ጀርባ፣ በሠርግ መጥሪያው ላይ ጉልበታቸውን ሰበር፣ ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ዘንድሮማ የከተማዋ ልጆች ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው «ከበቡሽ» ብለዋቸዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል የለጠፈ ባለሱቅ በዋንዛ በር አይገኝም፤ ከተገኘም ትናንት የመጣ ነው።

እንደሚነገረው፣ ከተማዋ ገና ጥቂት የሣር ቤቶች ሳለች ወይዘሮ ከበቡሽ የሚባሉ ጠጅ ጣይ ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያችው ጠጅ ቤት ነበር። አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ባላምባራስ ድልነሳሁ፣ እስከ ቅዳሜ ስሙን በሚነበብ ፊደል ደጁ ላይ ያልጻፈ ቤት ይታሸጋል ብለው ዐዋጅ አስነገሩ። በከተማዋ ብዕር የሚጨብጡት መሪጌታ ክንፉ ብቻ ነበሩና ሄደው ቢለምኗቸው፣ «ዳዊት የጻፈ እጅ ጠጅ ቤት አይጽፍም፤ ይቅርብኝ እመቤቴ» ብለው መለሷቸው ይባላል።

ሴትዮዋ ግን እንዲህ በዋዛ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። ሟች ባላቸው ያስቆጠሯቸው ፊደል ነበረና፣ ኖራና ቀይ አፈር በጥብጠው፣ ከቃጫ ብሩሽ ሠርተው፣ እያንዳንዱን ፊደል በሚያውቁት ሰው አስታወሱት። «ከ» ራሷ ላይ ሸክም ያለባት እንጨት ለቃሚ ሆነች፤ «ቡ» እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች ነገረኛ ጎረቤት፤ «ጠ» በሁለት እግሩና በዱላው የሚሄድ ሽማግሌ፤ «ቤ» ደግሞ እግሯ ላይ አልቦ ያጠለቀች ሙሽራ። ጠጅ ቤት ገብቶ ማን ቀጥ ብሎ ይቆማል? ሁሉንም አስጨፈሯቸው።

ቅዳሜ ገበያው ሲደምቅ ባላምባራስ ሰምና ማኅተም ይዘው ደረሱ።

«ይህ ፊደል ነው እስክስታ? ማን ሊያነበው ነው?»

«እርስዎማ የተማሩ ነዎት፣ ጌታዬ። እስቲ ያልተማረ ይጠይቁልኝ» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ።

ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ጨው ነጋዴ ተጠራ። ባላምባራስ ኮራ ብለው በመጀመሪያ የማዘጋጃ ቤታቸውን ሰሌዳ አሳዩት። «እንጃ፣ ፊደል አልቆጠርኩም» አለ። ወደ ወይዘሮ ከበቡሽ ደጅ ሲያዞሩት ግን ሳቁ መጣ።

«ሽማግሌው ከነዱላው፣ ሙሽራዋ ከነአልቦዋ ሲጨፍሩ አያዩም? ይኼማ ጠጅ ቤት ነው፤ እኔም ጠምቶኛል!»

ገበያው በእልልታ ቀለጠ። ባላምባራስ ኃይለኛ ቢሆኑም እውነት አይክዱም ነበርና ሰሙን መልሰው ኪሳቸው ከተው «ተነቧል» አሉ። ሰኞ ጠዋት ራሳቸው ተመልሰው መጥተው፣ «እመቤቴ፣ የእኛንም ሰሌዳ አገሬው እንዲያውቀው አድርገው ይጻፉልን» ሲሉ ለመኗቸው ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በዋንዛ በር ሱቅ የሚከፍት ሰው የመጀመሪያዋን ፊደል በገዛ እጁ፣ የሚያውቀውን ሰው አስመስሎ ይሥላል። ማዘጋጃ ቤቱም ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል። ሰሌዳው ላይ ግን «ቤ» አሁንም ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ትጨፍራለች፤ የወይዘሮ ከበቡሽን ቤት ሊያሽግ የተነሣው መሥሪያ ቤት እነሆ እስከ ዛሬ የእሳቸውን አልቦ አጥልቆ ቆሟል።