የምንተስኖት የመጀመሪያ ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ በአንድ የሸማኔዎች ሰፈር ወርቅነሽ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጅ ቀርቷታል፣ ምንተስኖት። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሽመና የሚማረው ከአጎቱ፣ ከእናቱ ወንድም ከጋሽ ደሳለኝ ዘንድ ነበር። ጥለት ሲሠራ ክሩን በቃሉ እየቆጠረ ነው፤ ወረቀት የለ፣ ምልክት የለ። በዚያ ሰፈር ሸማኔ እንከን የሌለበትን የመጀመሪያ ጋቢውን አይሸጥም፤ ለዚያ ላበቃው ለአንድ ሰው ያለብሰዋል። ወርቅነሽ የዚያን ጋቢ ፈትል የጀመረችው ልጇ ገና የሽመና ዕቃው ላይ ሳይቀመጥ ነው። እናት አይደለች!

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ልጁ ጋንጃ ማጨስ ጀመረ። በወራት ውስጥ ቆጠራው ጠፋበት። የጋቢው አንዱ ጫፍ ዘጠኝ የጥለት አበባ ሲኖረው ሌላው ሰባት ሆኖ ይወጣል። የነገሩትን ይረሳል፣ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ ሲጠይቁት ይቆጣል። ወርቅነሽ «ፍቅር ይዞት ይሆናል» እያለች ራሷን አታለለች።

አንድ ቀን የልጇ የልብ ጓደኛ አቤኔዘር መጥቶ በሯ ላይ ቆመ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ምንተስኖት ጋንጃ ያጨሳል። ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። እኔ ትቼዋለሁ፣ እሱ ግን አቃተው» አላት።

በጥፊ ልትለው እጇ ተነሥቶ ነበር፤ እንዴት እንደመለሰችው እሷም አታውቅ። ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ጓደኛውን ዘጋው፤ ለወራት መንገድ ላይ እንኳ ሰላም አላለውም።

ጋሽ ደሳለኝ ደግሞ የእሳት ሰው ናቸው። በሰው ፊት «ውረድ ከዕቃዬ» አሉት። ያበላሸውን ጋቢ ክር በክር አስፈቱት። «ጭንቅላትህ ሲመለስ ትመለሳለህ። ቦታህን ለማንም አልሰጥም» አሉ፤ አልሰጡምም፣ ሥራ ተከምሮባቸው እንኳ ሌላ ተማሪ አልተቀበሉም። ልጁ ግን አፈረ፤ በዚያ ሳምንት ከበፊቱም ብሶበት አጨሰ። ወርቅነሽ ወንድሟን በልቧ ረገመችው።

ከዚያ ልጇን እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሲስተር ሂሩት አላስፈራራችውም፣ አልሸነገለችውምም።

«አንጎልህ ገና እየተሠራ ነው፤ እስከ ሃያ አምስት ዓመትህ አካባቢ አያልቅም» አለችው። «በዚህ ዕድሜ ጋንጃ ማስታወስህንና ትኩረትህን ይጎዳል። ካቆምክ ብዙው ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልምልልህም።»

በየሳምንቱ ሐሙስ ቀጠረችው፤ ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄዳ ፈለገችው። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሲያጨስ ግን ለእናቱ አልነገረችም። ወርቅነሽ በኋላ ስትሰማ ቅስሟ ተሰበረ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽ ኖሮ እኔ ጋ መምጣቱን ያቆም ነበር» አለቻት ሲስተር ሂሩት።

ዓመት አለፈ። ምንተስኖት አቆመ፤ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ ሳቁ ተመለሰ፣ ቆጠራውም ቀስ በቀስ መጣለት። ወደ አጎቱ ሄዶ በባዶ ቦታው ተቀመጠና እናቱ በፈተለችው ክር ጋቢ ሠራ። ጋሽ ደሳለኝ ሦስት ጊዜ እያገላበጡ አዩት፤ እንከን አጡበት። ወርቅነሽ ከደስታዋ የተነሣ እልል አለች።

ምንተስኖት ጋቢውን አጥፎ እጇ ላይ አኖረው። «እማ፣ እኔ መምረጥ አቃተኝ። ፈትሉ ያንቺ ነው፣ አንቺ አልብሺልኝ» አላት።

እሑድ አቤኔዘር፣ ጋሽ ደሳለኝና ሲስተር ሂሩት ሦስቱም ተጠርተው መጡ፤ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወርቅነሽ ጋቢውን ይዛ ፊታቸው ቆመች። አቤኔዘር ባይናገር ልጇ እየጠፋ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ ግን እሱ ባያስጀምረው መች ይጠፋ ነበር? ወንድሟ ልጁን ገፍቶ ወደ ባሰ ጨመረው፤ ግን መመለሻ ያስቀመጠለትም እሱ ነው። ሲስተር ሂሩት አንድም ሐሙስ አልተወችውም፤ ግን እናትን ያህል ሰው አታለለች።

ጋቢው አንድ ነው፣ አይቀደድ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ወርቅነሽ ማንን ታልብስ?